ደንበኛችሁ ያልሆነን ሰው እንዴት ታነጋግራላችሁ? በወሎ ለሚሠሩ ጠበቆች ዝርዝር መመሪያ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ ጥብቅና የሚጀምርን ሰው ከሕጉ ይልቅ ዝምድናው ያስቸግረዋል። ባላጋራው የጎረቤት ልጅ ነው። ምስክሩ የእናቱ እድርተኛ ነው። የሌላኛው ወገን ጠበቃ አብሮት የተማረ ነው። ሳያወሩ ማለፍ እንደ ኩራት ይቆጠራል። ስለዚህ ወሬ ይጀመራል፤ በወሬው መሀል ጉዳዩ ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳ መመለሻ የለውም።

ብዙ ወጣት ጠበቆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ስለሚጠይቁት ነው። ቅደም ተከተሉን ሳትዘሉ ሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደንቡን አዘጋጁ። የፌዴራል ፈቃድ ካላችሁ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992ን እና የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013ን አሳትማችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡ። በክልል ፈቃድ የምትሠሩ ደግሞ ፈቃዱን የሰጣችሁ አካል የሚሠራበትን ደንብ ወስዳችሁ አንብቡ። ይግባኝ ተከትላችሁ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ሁለቱንም ያዙ።

ደንበኛችሁን አስፈቅዱ። ማንን እንደምታነጋግሩና ምን ምን እንደምትናገሩ ቀድማችሁ ንገሩት። ምስጢሩ የእሱ ነው። ከባላጋራው ጋር ለመግባባት ስትሉ ደንበኛችሁ ገንዘብ እንደቸገረው ብታወሩ ስህተቱ የከፋ ነው።

ማስታወሻ ደብተር ይኑራችሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ምን ተባለ። እያንዳንዱን ንግግር በዕለቱ ጻፉ። ነገ ክስ ቢቀርብባችሁ የሚያድናችሁ ይህ ደብተር ነው።

በአእምሯችሁ የምትይዙት ደግሞ ሦስት መስመር ነው፦

1. ጠበቃ ያለውን ሰው ጠበቃው ሳይፈቅድ በጉዳዩ ላይ አታነጋግሩ።
2. ጠበቃ የሌለውን ሰው ማነጋገር ትችላላችሁ። ግን ለማን እንደቆማችሁ በግልጽ ይወቅ፤ የሕግ ምክርም አትስጡት።
3. ራሳችሁ ማድረግ የማትችሉትን በሌላ ሰው እጅ አታስደርጉ።

ይህ የወሎ ወይም የኢትዮጵያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 ባጸደቀው ሞዴል ደንብ ቁጥር 4.2 እና 4.3 ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቀምጠዋል። ማነጻጸሪያ ለሚፈልግ ከነማብራሪያቸው ቢያነባቸው ይጠቅማሉ።

ደረጃ 1፦ ሰውየው ማን እንደሆነ ለዩ

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት መዝገብ ቤት ሂዱ። መዝገቡን አስወጥታችሁ የጠበቃ ውክልና ተያይዞ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ደንበኛችሁን «ጠበቃ ይዟል ሲባል ሰምተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ወሬ ብቻ ቢሆንም ጻፉት። «አላወቅኩም ነበር» ማለት የሚያዋጣው በእውነት ላላወቀ ነው። ምልክቱን እያየ ያለፈን ሰው አያድንም።

መጥሪያ ገና ካልደረሰው ወይም መልስ ካልሰጠ መዝገቡ ምንም አይነግራችሁም። ያኔ ጥያቄው የመጀመሪያ ንግግራችሁ ውስጥ ይገባል።

ወኪልንና ጠበቃን አታምታቱ። ይህ በእኛ አካባቢ ሁሌም ያጋጥማል። እህት ሳዑዲ ናት፤ ሐይቅ ላይ ስላለው ቤቷ የሚከራከረው ወንድሟ ነው። ወንድምየው ወኪል እንጂ ጠበቃ አይደለም። ስለዚህ ጠበቃ እንደሌለው ሰው ቆጥራችሁ አነጋግሩት፤ ደረጃ 4 ላይ ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ለእሱም ይሠራል። ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ወኪሉ ወይም እህቱ ለጉዳዩ ጠበቃ ይዘው እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ውክልናው ለመታረቅ ሥልጣን ይሰጠው እንደሆነ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ጠቅላላ ውክልና ይዞ የመጣ ወንድም የእርቅ ወረቀት ፈርሞላችሁ ቢሄድ፣ እህቱ ነገ «ለእርቅ አልወከልኩትም» ትላለች። ሕጉም ከእሷ ጋር ነው።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ንግግር ጽፋችሁ ያዙ

በቃል እንናገረዋለን አትበሉ። ጻፉት፤ ሲደወል ከፊታችሁ ይሁን። ይህን መጠቀም ትችላላችሁ፦

«እኔ ጠበቃ ነኝ። የቆምኩት ለአቶ እገሌ ነው፤ ለእርስዎ አይደለም። የደወልኩት ስለ ቤቱ ክርክር ነው። ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ በዚህ ጉዳይ ጠበቃ ይዘዋል?»

ሰላምታውን አትቀንሱ። የልጆቹን፣ የቤቱን፣ የከብቱን ደኅንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ወሎ ላይ አይሆንም። ነገር ግን በሰላምታውና በዚህ ንግግር መሀል ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አይግባ።

ትልቅ ሰውን «እማማ»፣ «አባባ» ማለት ክብር ነው፤ በሉ። «እኔም እኮ ልጅዎ ነኝ፣ አሳስብልዎታለሁ» ግን አትበሉ። ሰሚዋ የእሷ ወገን የሆናችሁ ይመስላታል፤ ከዚያ በኋላ ያላትን ሁሉ ትዘረግፍላችኋለች። ይህ ብልጠት አይደለም፤ ማታለል ነው።

መልሱን ሰምታችሁ ተለዩ፦

- «አዎ፣ ይዣለሁ» ካለ የጠበቃውን ስምና ስልክ ብቻ ጠይቁ፤ አመስግናችሁ ዝጉ። ወደ ደረጃ 3።
- «የለኝም» ካለ ወደ ደረጃ 4።
- «እያፈላለግኩ ነው» ካለ ቀን ቆርጣችሁ ጠብቁት። ጠበቃ ሳይዝ ለማስፈረም መሽቀዳደም ነውር ነው።
- «አንዱን አማክሬ ነበር» ካለ «አሁንም እየረዳዎት ነው?» በሉ። ምን እንደመከረው አትጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ጠበቃ ካለው

ከዚህ በኋላ የሚነጋገሩት ጠበቆቹ ናቸው። የስምምነት ሐሳብ፣ የሰነድ ጥያቄ፣ የቀጠሮ ለውጥ፣ ሁሉም በጠበቃው በኩል ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ባላጋራው ራሱ ቢደውል፣ ቢሮ ድረስ ቢመጣ፣ «ጠበቃዬ አያስፈልግም፣ እኔና አንተ እንጨርሰው» ቢል እንኳ ፈቃዱ በቂ አይደለም። የሚያስፈልገው የጠበቃው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ወንበር ሳታቀርቡለት በፊት «ከጠበቃዎ ጋር ይምጡ፣ ወይም ጠበቃዎ ይደውልልኝ» በሉት። ክብረ ነክ እንዳይሆን ምክንያቱን ንገሩት፦ «ሕጉ የሚከለክለኝ እርስዎን ለመጠበቅ ነው።»

ጠበቃው ከፈቀደ በጽሑፍ ይሁን። አጭር የቴሌግራም መልእክት ይበቃል፤ ግን አትሰርዙት። ፈቃዱ ለምን ያህል እንደሆነም ይታወቅ። ቤቱን ለመለካት የተሰጠ ፈቃድ ስለ ካሳ ለመደራደር አይሆንም።

ክልከላው በጉዳዩ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት አብራችሁ ብትቀመጡ፣ ሰርግ ላይ ብትገናኙ፣ ቡና ጠጡ ብትባሉ ጠጡ። እሱ ጉዳዩን ካነሳ «እሱን ለቀጠሮው እናቆየው» ብላችሁ ወሬ ለውጡ። ካልተወ ተነሱ።

ጠበቃው ስልክ ካላነሳ ምን ይደረጋል? ደብዳቤ ጽፋችሁ ቢሮው ላይ አስፈርማችሁ ስጡ። ሁለተኛ ጻፉ። አሁንም ዝም ካለ በቀጠሮው ቀን ለችሎቱ አመልክቱ። የጠበቃው ዝምታ ደንበኛውን ለማነጋገር ፈቃድ አይሆንም።

ባላጋራው «ጠበቃዬን አሰናብቻለሁ» ቢላችሁስ? የውክልና መሻሪያውን አሳዩኝ በሉ። መዝገቡ ላይ መግባቱን አረጋግጡ፤ ለጠበቃውም ደውሉ። ሰው በጠበቃው ተናዶ ጠዋት የተናገረውን ከሰዓት ይተወዋል።

ደረጃ 4፦ ጠበቃ ከሌለው

የሚበዛው ይህ ነው፤ ጉዳትም የሚደርሰው እዚህ ነው። ኩታበር ወይም ወረኢሉ ያለች ባሏ የሞተባት እናት መጥሪያ ሲደርሳት ጠበቃ መቅጠሪያ የላትም። በሩን የሚያንኳኳ የመጀመሪያው የተማረ ሰው እናንተ ከሆናችሁ የመንግሥት ሰው ትመስሏታላችሁ። ስለዚህ «ለእርስዎ አልቆምኩም» የሚለውን አንዴ ብላችሁ አትለፉ። ድገሙት። ገብቷት እንደሆነ በራሷ አፍ አስነግሯት፦ «እስቲ እኔ የማን ጠበቃ ነኝ?» የተሳሳተ መልስ ከሰጠች አቁማችሁ እንደገና አስረዱ።

ልትሏት የምትችሉት፦ ደንበኛችሁ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን ያህል ለመስጠት እንደተዘጋጀ፣ ሰነዱ በእናንተ ወገን አረዳድ ምን እንደሚል፣ ጠበቃ ብታማክር እንደሚሻላት።

ልትሏት የማትችሉት፦ «መልስ መጻፍ አያስፈልግዎትም»፣ «ባይቀርቡም ችግር የለውም»፣ «ይህን ክርክር አያሸንፉም»፣ «ይህ ውል ለእርስዎም ይጠቅማል»። እነዚህ ሁሉ የሕግ ምክር ናቸው። ጥቅሟ ከደንበኛችሁ ጥቅም ጋር እየተጋጨ ምክር መስጠት አትችሉም።

«አብሽሩ» ከማለትም ተጠንቀቁ። የተጨነቀ ሰው ስናይ አፋችን ላይ የሚቀድመን እሱ ነው። ከባላጋራ ጠበቃ አፍ ሲወጣ ግን ዋስትና መስሎ ይሰማል። እሷ ተረጋግታ እቤቷ ትቀመጣለች፤ በቀጠሮው ቀን አትገኝም፤ ጉዳዩ በሌለችበት ይታያል። ማጽናናት ከፈለጋችሁ «ቀጠሮው እንዳያልፍዎት፣ ጠበቃ ያማክሩ» ማለት ይሻላል። አካባቢው ላይ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ማዕከል ካለ ጠቁሟት። የራሳችሁን ጓደኛ ግን አትምረጡላት።

የስምምነት ፍቺ። ባልና ሚስት አብረው መጥተው «ተስማምተናል፣ አንድ ጠበቃ ይበቃናል» ይላሉ። ማን እንደሚከፍላችሁ፣ ማን ቀድሞ እንዳናገራችሁ እዩ። ደንበኛችሁ ባልየው ከሆነ ሚስትየዋ ጠበቃ የሌላት ሌላ ወገን ናት። በፊቱ ንገሯት። የንብረት ክፍፍሉን ወረቀት ሰጥታችሁ ይዛው ትሂድ፤ ለብቻዋ ከምታምነው ሰው ጋር ታንብበው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ምን መብት እንደሚሰጣት መተንተን የእናንተ ሥራ አይደለም። የሚተነትንላት ሰው እንድታገኝ ጊዜ መስጠት ግን ግዴታችሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ባል አጠገቧ ቆሞ «ፈርሚ» ሲላት ዝም ብሎ ማየት ጥብቅና አይደለም።

ፊርማና አሻራ። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀቱን ቃል በቃል አንብቡ። ከሚሴ ወይም ባቲ አካባቢ ሰውየው ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪ ከሆነ አስተርጓሚ ፈልጉ፤ አስተርጓሚው የደንበኛችሁ ወንድም አይሁን። አሻራ ብቻ ወስዳችሁ አትመለሱ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም ሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ከተረጋገጠ ነው። ቀለም የተነካ ጣት ብቻውን ደንበኛችሁንም አይጠቅመውም።

ደረጃ 5፦ ሽምግልና ሲገባበት

ወሎ ላይ ጉዳይ ፍርድ ቤት ስለገባ ሽምግልናው አይቆምም። ሼሁ፣ ቄሱ፣ አበጋሩ (የአካባቢው ባህላዊ አስታራቂ) ይገባሉ። ይህ ጥሩ ነው፤ አትከላከሉ። ግን የእናንተ ቦታ የት እንደሆነ እወቁ።

1. ባለጉዳዮቹ እርስ በርስ መነጋገር ይችላሉ። ደንበኛችሁ «ላናግረው?» ካለ መብቱ እንደሆነ ንገሩት፤ ስለ መብቱም ምከሩት።
2. ሽማግሌውን መልእክተኛ አታድርጉ። «ይህን ወረቀት አስፈርሙልኝ» ብሎ ጠበቃ ወዳለው ባላጋራ መላክ በራስ እግር ከመሄድ አይለይም። ደላላ፣ ጸሐፊ፣ የቢሮ ረዳት ቢላክም ያው ነው።
3. ሽምግልናው ላይ ራሳችሁ የምትገኙ ከሆነ የሌላኛው ወገን ጠበቃ ቀድሞ ይወቅ። ጠበቃ ከሌለው ደግሞ ለማን እንደቆማችሁ በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገሩ።
4. እርቁ ሲያልቅ ጽሑፉ ለፍርድ ቤቱ ይቅረብ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ መንገዱን አስቀምጧል። ዱዓ ተደርጎበታል፣ ተመራርቀናል ብላችሁ መዝገቡን ክፍት አትተዉ።

ደረጃ 6፦ ባላጋራው ድርጅት ሲሆን

ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካ ጋር የሚከራከር ሠራተኛ ይዛችኋል እንበል። ድርጅቱ ነገረ ፈጅ ወይም ጠበቃ አለው። ታዲያ ከውስጥ ያለውን ሁሉ ማነጋገር ክልክል ነው? አይደለም።

አታነጋግሩ የሚባሉት ስለ ጉዳዩ የሚወስኑ ኃላፊዎች፣ ከነገረ ፈጁ ጋር ስለ ጉዳዩ የሚመክሩ ሰዎች፣ እና ድርጊታቸው ለክርክሩ ምክንያት ሆኖ ድርጅቱን ተጠያቂ የሚያደርግ ሰዎች ናቸው። አደጋ ያደረሰው የድርጅቱ ሹፌር እዚህ ውስጥ ይገባል። አደጋውን ያየ የማሽን ባልደረባ ወይም ዘበኛ ግን ምስክር ነው፤ ማነጋገር ይቻላል። ሥራ የለቀቀንም ሰው እንዲሁ። ከድርጅቱ ጠበቃ ጋር የተነጋገረውን ግን ከአፉ አታውጡ። ሊነግራችሁ ሲጀምር አስቁሙት።

ጥርጣሬ ካለ ለነገረ ፈጁ ጻፉ። በር ላይ ቆሞ ሠራተኛ መጠበቅ ሠራተኛውን ከእንጀራው ሊያፈናቅለው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ምስክር

ምስክር የማንም ንብረት አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ሊያነጋግረው ይችላል። ማንነታችሁን ንገሩት፤ ያየውን ጠይቁት፤ የተናገረውን ጻፉ። ሊል የሚገባውን አትንገሩት። ለቃሉ ዋጋ አትክፈሉ። «ለእነሱ አትንገር፣ ተደበቅ» አትበሉ። ከተቻለ ሌላ ሰው አብሮ ይስማ፤ ካልሆነ ነገ «እንዲህ በል ብሎኛል» ቢል መልስ አይኖራችሁም።

በወንጀል ጉዳይ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሲሆን እጅግ ተጠንቀቁ። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ማስፈራራት የሚመስል ነገር ሁሉ ወደ እስር ይወስዳል። ቤቱ አትሂዱ። የተከሳሹን ዘመድም አትላኩ። ጥያቄያችሁን ለችሎቱ መስቀለኛ ጥያቄ አቆዩት።

ዳኛውም ደንበኛችሁ አይደለም። ሌላኛው ወገን በሌለበት ስለ መዝገቡ አንድ ቃል አታንሱ፤ ሻይ ቤትም ሆነ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ቁልቁለት መኪና ተገልብጦ ሆስፒታል የተኛ ሰው አልጋ አጠገብም በደላላ ደንበኛ አታፈላልጉ። በሥቃይ ላይ ያለ ሰው ውል አይፈርምም።

ሲበላሽ

በንግግር መሀል «ጠበቃ አለኝ» ካለ፦ እዚያው አቁሙ። «የመጨረሻ አንድ ጥያቄ» የለም። በዚያው ቀን ለጠበቃው ደውላችሁ ምን እንደተነጋገራችሁ ንገሩ። የሰማችሁትን ለክርክር አትጠቀሙበት። ለደንበኛችሁም አሳውቁ።

የባላጋራው ጠበቃ ለደንበኛው የላከው ሰነድ በስህተት በቴሌግራም ከደረሳችሁ፦ ለእናንተ አለመሆኑን እንዳያችሁ ማንበብ አቁሙ። ለላኪው አሁኑኑ አሳውቁ። ለማንም አታስተላልፉ፤ ለደንበኛችሁም ጭምር። ላኪው ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ ጠብቁ።

ባላጋራው ቢሮ ገብቶ ቢጮህ፦ አትመልሱለት። የጠበቃውን ስም ጠይቁ፤ በሩን ክፈቱ፤ ጸሐፊያችሁ ምስክር ትሁን። ሰዓቱን መዝግቡ።

ደንበኛችሁ ራሱ ሄዶ ካስፈረመ፦ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ጠይቁ። እናንተ ጽፋችሁ ሰጥታችሁት ባላጋራው ጠበቃ ካለው፣ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ራሱ ከሆነ የጻፈው፣ ኮፒውን ለሌላኛው ጠበቃ ላኩና አስተያየቱን ጠይቁ።

ጠበቃ ያለውን ሰው ሳታውቁ አስፈርማችሁ ከሆነ፦ ወረቀቱን ለፍርድ ቤት አታቅርቡ። ለጠበቃው ዋናውን አሳዩ፤ ደንበኛው እንደገና አማክሮት ይወስን። ከተስማሙ በጠበቃው ፊት አዲስ ይፈረማል። ካልተስማሙ የመጀመሪያው ይቀደዳል፤ የተቀደደበትን ቀን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።